እኔ የፈጠርኳቸው አቶ ጓንጉል

አቶ ጓንጉልን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ቢያንስ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ወንበር ስበው እስኪቀመጡ ድረስ እንደዚያ ነበር የማምነው።

ነገሩን ከመነሻው ላውጋችሁ። እኔ መተማ ዮሐንስ የምኖር ጠበቃ ነኝ። ጠበቃ ስላችሁ ካባ ደርቦ ዳኛ ፊት የሚንጎራደድ ሰው እንዳይመጣባችሁ። ቢሮዬ ከሐጂ ኢድሪስ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። በአንዱ ግድግዳ የሕግ መጻሕፍቴ፣ በሌላው የሐጂ ትርፍ ጣቃዎች ተደርድረውባታል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ገብተው የውርስ ጉዳያቸውን በሰፊው ካስረዱኝ በኋላ፣ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አጠገብ ያለውን የአልጋ ልብስ ዘርጋልኝ ብለውኛል። ዘረጋሁላቸው። ክራቫት የማስረውም ችሎት በር ላይ ደርሼ ነው፤ የምፈታውም እዚያው። የእኛ ሙቀት ክራቫት ያሰረ ሰው ላይ ልዩ ጥላቻ አለው።

ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት፣ ማለትም አብዛኛውን ቀን፣ ፌስቡክ ላይ ስለ ሕግ እጽፋለሁ። ገጼ «ከችሎት ደጃፍ» ይባላል። በግልጽ ችሎት የሰማሁትን ክርክር አነሳና ሕጉ ምን እንደሚል፣ ዳኛው ለምን እንደዚያ እንደፈረዱ፣ አንባቢው ነገ እሱ ላይ ቢደርስ ምን ማድረግ እንዳለበት በአማርኛ አስረዳለሁ። በአማርኛ ያልኩት አውቄ ነው። እኛ የሕግ ሰዎች ስንጽፍ አማርኛ ይመስላል እንጂ አማርኛ አይደለም። ዳኛው ውሳኔውን አንብበው ሲጨርሱ ባለጉዳዩ በር ላይ እጄን ይዞ «አሁን ረታን ነው ወይስ ተረታን?» ይለኛል። ያ ጥያቄ ነው የሚያስጽፈኝ። ባለቤቴ ግን የምትጽፈው አስተያየት ለማንበብ ነው ትለኛለች፤ እሷም ጨርሶ አልተሳሳተችም። ስለ ውርስ ስጽፍ ስለ እግር ኳስ የሚጠይቀኝ አለ። ስለ ምንም ብጽፍ ደግሞ «ታዲያ እንዲህ ከሆነ እኔ ላይ የተፈረደብኝ ለምንድን ነው?» የሚል አንድ ሰው አለ፤ ጉዳዩ ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም።

በክረምቱ መግቢያ ላይ ከወደ ገለጉ የመጡ ባልና ሚስት ሲከራከሩ ሰማሁ። ባል በትዳር ዘመናቸው የተገዛውን ትራክተር በወንድሙ ስም አስመዝግቦ ኖሯል። ፍቺ ሲመጣ፣ ትራክተር የሚባል ነገር የለኝም፣ ያ የወንድሜ ነው ብሎ ካደ። ሚስቲቱ ግን የዋዛ አልነበረችም። ሹፌሩን አመጣች፣ ነዳጅ የሚቀዳለትን አመጣች፣ ማሳ የሚያዋስነውን ጎረቤት አመጣች፤ በመጨረሻ ትራክተሩ የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ተፈረደላት። ከዚህ የተሻለ ነገር ለጽሑፍ አይገኝም። «ባል ትራክተሩን በወንድሙ ስም ቢደብቀውስ?» የሚል ርዕስ ሰጥቼ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ሰው ላለማሳፈር ስም የመቀየር ልማድ አለኝ። ገለጉን ኮኪት አደረግኩት። ለባልየው ደግሞ በአካባቢያችን በሕይወት ያለ ሰው የማይጠራበት ስም ፈለግኩ። አለሙ ብል ደንበኛዬ ነው፣ ሙላት ብል የደንበኛዬ ባላጋራ ነው፣ ደሴ ብል የድሮ ቤት አከራዬ ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ጓንጉል መጣልኝ። የድሮ ስም ነው፤ በልጅነቴ ከታሪክ ትምህርት ውጭ ሰምቼው አላውቅም። በብልሃቴ ራሴን እያደነቅኩ «የኮኪቱ ባለ ትራክተር አቶ ጓንጉል» ብዬ ለቀቅኩት። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። ጽሑፉ ወጥቷል፣ እኔ ውስጥ ቀርቻለሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ በሬን ጎንበስ ብለው ገቡ። እግራቸው ላይ የሱዳን መርኩብ ጫማ፣ ትከሻቸው ላይ ነጠላ፣ እጃቸው ላይ ዱላ። ተቀመጡና ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ጓንጉል የሚባል ሰው ታውቃለህ አሉኝ» አሉ።

አንባቢዬ መሰሉኝ። አንባቢ በአካል ሲመጣ የመጀመሪያዬ ነበርና ደስ አለኝ፤ ወንበሬ ላይ ዘና ብዬ፣ «የለም አባቴ፣ ጓንጉል የሚባል ሰው እንኳ የለም። ራሴ ነኝ የፈጠርኩት» አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔን የፈጠርከኝ አንተ ነህ» አሉ። «ጓንጉል እባላለሁ። የመጣሁት ከኮኪት ነው።»

ትራክተር አለዎት ወይ ብዬ ልጠይቅ ፈራሁ። ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ አላቸው። ወንድምስ? ወንድምም አላቸው፤ ዋኘው ይባላል፣ ትራክተሩን የሚነዳውም እሱ ነው። እኔ ለራሴ ከፍርሃት ሌላ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ነገራቸውን ቀስ ብለው አጫወቱኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ልጆቻቸው አግብተው በየፊናቸው ሄደዋል። ቤቱ ባዶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሚሰሙት ድምፅ የትራክተሩ ብቻ ሆኗል። ከኮኪት ወደ ውስጥ ገባ ባለች አንዲት የእርሻ ቀበሌ ወይዘሮ አንጓች የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት አሉ፤ ከብት ያረባሉ፣ ትንሽ ሱቅም አላቸው። አንድ ዘመድ ቀብር ላይ ተገናኝተው ጨዋታቸው ደስ አላቸው። ሽማግሌ ላኩ፤ ወይዘሮ አንጓችም እሺ አሉ። ሰርጉ ሰሊጡ ከተሰበሰበ በኋላ ሊሆን ተቆረጠ። ይሄኔ የወይዘሮ አንጓች ወንድም አቶ ጥጋቡ ለጉዳይ ገንዳ ውሃ ወጡ፤ እዚያ ኔትወርክ ነበር፤ ስልካቸውን ከፈቱ፤ እኔን አነበቡ።

ከዚያ ወዲህ ያለው መልእክት አንድ ነው። መጀመሪያ ከሚስቱ ጋር ያለውን ክርክር ይጨርስ ተባለ።

«ሚስቴ ከመቃብር ተነስታ ልትከሰኝ ነው» አሉኝ አቶ ጓንጉል። ሳቅ መጥቶብኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳየው ተመልሶ ገባ። ሰውየው አልቀለዱም። ከእርጅና ጋር ብቻቸውን ተፋጠው ከከረሙ በኋላ አንድ ሰው እሺ ብሏቸው ነበር፤ ያን እሺታ የቀማኋቸው እኔ ነኝ።

የሕግ ሰው ነኝና በልቤ ራሴን ከስሼ፣ ተከራክሬ፣ ተፈርዶብኝ ጨርሻለሁ። እሳቸው ግን ክስ አልፈለጉም። የፈለጉት አቶ ጥጋቡ ደጅ ሄጄ በአፌ እንድናገርላቸው ነው።

«እኔማ አልደበቅኩም ብል፣ የደበቀ ሰውም የሚለው ያንኑ ነው» አሉ።

ልክ ነበሩ። እኔ ግን ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ደግሞ ሰነፍ ነኝ። መጀመሪያ ማስተባበያ ልጻፍ፣ ካልሆነ እንሄዳለን ብዬ ለመንኳቸውና ሸኘኋቸው።

ኔትወርክ የምትገኘው ሐጂ ኢድሪስ ቆርቆሮ ላይ ሲወጡ ነበር። በቀትር፣ መሰላል ተደግፌ፣ በቆርቆሮው ላይ እየተጠበስኩ ማስተባበያዬን ጻፍኩ። እንዲጠነክር ብዬ የጠበቃ አማርኛዬን አወጣሁ፦ «በቀደመው ጽሑፌ የተጠቀሱት አቶ ጓንጉል ከኮኪት ነዋሪው ከአቶ ጓንጉል ጋር ምንም ዓይነት ግንኙነት የላቸውም። የኮኪቱ አቶ ጓንጉል ሚስታቸውን አልካዱም፤ ትራክተራቸውንም አልደበቁም።» ወርጄ እጄን ታጠብኩ፤ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ።

የፊተኛውን ጽሑፍ ያላነበበው ሁሉ ይህን አነበበ። አንዱ «ምን ያህል ቢያስፈራሩት ነው?» አለ። ሌላው «ጠበቃችን ተገዛ» አለ። ያ ሁሌ የሚጠይቀኝ ሰው ደግሞ፣ ትራክተር ያልደበቀ ሰው እንዲህ ከተከበረ እሱ ላይ የተፈረደበት ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ተመልሼ ወጣሁና ጓንጉልን ሰርዤ መርሻ አደረግኩት። በማግስቱ ከገንዳ ውሃ አንድ አቶ መርሻ ደወሉ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነበር፣ የሚሉት ግን ወፍራም። ሦስተኛ ወጣሁ። አሁንስ ስም የሚባል አልፈልግም ብዬ «አቶ ሀ» ብዬ ወረድኩ።

ሐጂ ኢድሪስ መሰላሉ ሥር ቆመው ጠበቁኝ። የድሮ መተማ ነጋዴ ናቸው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው የቀዘቀዘ ካርካዴ እየጠጡ የከተማውን ወሬ ሁሉ ከእኔ ቀድመው ይሰማሉ።

«አንተ ኡስታዝ» አሉኝ፣ ሱዳኖች ጠበቃን እንደሚጠሩት፣ «ሐጂ በምን ይጀምራል?»

«የእርስዎ ሐመሩ ሐ ነው፤ እኔ የጻፍኩት ሃሌታው ሀ ነው» አልኳቸው።

ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ በዚህ ከተማ ሁለቱን የሚለየው እኔና አንድ መምህር ብቻ መሆናችንን፣ ሌላው ሰው ግን ከጠዋት ጀምሮ ትራክተራቸውን የት እንደደበቁ እየጠየቃቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ «ማዓለሽ» አሉ፤ ሱዳኖች ለትንሹም ለትልቁም ጥፋት የሚሏት ማጽናኛ ናት። አስከትለውም፣ በጽሑፍ የተበላሸ ነገር በጽሑፍ ሲጨመርበት ይበልጥ እንደሚወፍር፣ ሄጄ ሰው ፊት ቆሜ ብናገር እንደሚሻለኝ መከሩኝ። ጽሑፉን አጥፍቼ ለአቶ ጓንጉል ደወልኩ።

ከኮኪት ወደ ወይዘሮ አንጓች ቀበሌ የሚያስገባው መንገድ ዝናብ ሲነካው የሚያጣብቅ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። በክረምት መኪና የሚባል ነገር አይደፍረውም። የሚደፍረው ትራክተር ነው። በአካባቢው ደግሞ ሥራ ፈትቶ የቆመ ትራክተር አንድ ብቻ ነበር። እናም አቶ ጓንጉል የጽሑፌ ባለ ትራክተር አለመሆናቸውን ለመመስከር፣ በራሳቸው በአቶ ጓንጉል ትራክተር ተሳቢ ላይ ተሳፍረን ሄድን።

አቶ ዋኘው ይነዳሉ፤ ዝም ያሉ፣ ሲጠየቁ ብቻ የሚመልሱ ሰው ናቸው። ከኋላ ተሳቢው ላይ እኔ፣ አቶ ጓንጉልና የአቶ ዋኘው ባለቤት ወይዘሮ እንጉዳይ ጃንጥላ ዘርግተን ተቀምጠናል። ወይዘሮ እንጉዳይ ለዕርቅ ሲኬድ ሴት ከሌለበት አያምርም ብለው ነው የመጡት። እኔ የተከበረ ምስክር ልምሰል ብዬ ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፤ ክራቫትም አስሬያለሁ። ተሳቢው እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ሲዘል የሕግ እውቀቴ ሁሉ ከወገቤ በታች የወረደ መሰለኝ። መሃል መንገድ ላይ ጎማው ሰመጠ። ለመግፋት ወረድኩ። ዋልካው ቀኝ እግሬን እስከ ጉልበቴ ዋጠና ከብዙ ክርክር በኋላ እግሬን ብቻ መለሰልኝ። ጫማዬን እስከ ዛሬ አልመለሰም።

አቶ ጥጋቡ ግቢ ስንደርስ ሽማግሌዎች ዳስ ሥር ተቀምጠው ነበር። የጠበቁት ከከተማ የሚመጣ ጠበቃ ነው፤ የመጣላቸው በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ጭቃ ያደረገ ሰው ነው። አንዲት ሴት አዝነው ኮንጎ ጫማ አምጥተው ሰጡኝ። በሙሉ ልብስና በኮንጎ ቆሜ፣ አቶ ጓንጉልን ከዚያ በፊት አይቻቸውም ሰምቻቸውም እንደማላውቅ፣ ስሙን ከራሴ እንዳመጣሁት፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። ጥሩ ተናገርኩ ብዬ ነበር።

አቶ ጥጋቡ አጠር ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በእጃቸው ይዘዋል። በትሕትና ይጠይቁኝ ጀመር። ሰውየው ውሸት ከሆነ ክርክሩም ውሸት ነው ወይ አሉኝ። ክርክሩ እውነት ነው፣ ሰውየው ነው የተፈጠረው አልኩ። ክርክሩ እውነት ከሆነማ እውነተኛ ተከራካሪ አለ፣ እሱ ማን ነው አሉ። ስሙን መናገር ተገቢ አይደለም አልኩ።

«ማን እንደሆነ ካልነገርከን፣ እኚህ አለመሆናቸውን በምን እንወቅ?»

እንግዲህ ፍርድ ቤት ብንሆን፣ የማስረዳት ሸክሙ የእርስዎ ነው ብዬ እቀመጥ ነበር። ዳስ ሥር ግን ሸክሙ በቆመው ሰው ላይ ነው፤ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ላብ እየጠረግኩ የመጣልኝን ተናገርኩ። የጽሑፌ ሰውዬ ትራክተሩን በወንድሙ ስም ያደረገ ነው፤ እኚህ ግን በራሳቸው ስም ያላቸው፣ ንጹሕ ሰው ናቸው አልኩ። ይህን ማን እንደነገረኝ አላውቅም። ማንም አልነገረኝም።

አቶ ጥጋቡ ወደ አቶ ጓንጉል ዞረው፣ እውነት ትራክተሩ በስምዎ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። አቶ ጓንጉል ዱላቸውን አዩ። አቶ ዋኘው ሳል መጣባቸው። በመጨረሻ ወይዘሮ እንጉዳይ፣ መዋሸት የማይሆንላቸው ሴት ኖረዋል፣ ጃንጥላቸውን እያጠፉ ተናገሩ።

«በእኛው በዋኘው ስም ነው።»

እኔ በሕይወቴ ብዙ ክርክር ተረትቻለሁ። ደንበኛዬን በገዛ አፌ ጠርጌ ገደል የከተትኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

አቶ ጓንጉል ለማስረዳት ሞከሩ። ትራክተሩን የገዙ ሰሞን የጓንግን ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው ገፍቷቸው፣ ነፍሳቸው ስትተርፍ መታወቂያቸው ሄደ። ሻጩ ካለ መታወቂያ አልሸጥም ሲል ወንድማቸው በራሳቸው ስም አስጻፉላቸው። ዛሬ ነገ ሲሉ በዚያው ቀረ። እውነቱ ይኸው ነው። ግን እውነትነቱ ምን ይጠቅማል፤ እኔ ራሴ የችሎት ሰው ሆኜ ስሰማው የተፈበረከ መሰለኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንገታቸውን ደፉ፤ ሌላው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አቶ ጥጋቡ ስልካቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ፤ ክርክሩ አለቀ ማለታቸው ነው።

አቶ ጓንጉል ተነሱ። ያ ረጅም ቁመት ሲነሳ አጥሮ ታየኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ስላስቸገሩ ይቅርታ ጠይቀው ወደ ትራክተሩ መራመድ ሲጀምሩ፣ ከቤቱ በር ላይ ድምፅ መጣ።

«ይቀመጡ ጓንጉል። እኔ ገና አልተናገርኩም።»

ወይዘሮ አንጓች ነበሩ። እስከዚያ ድረስ በር ላይ ሆነው ሲሰሙ ኖረዋል። ጠይም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። በርጩማ አስመጥተው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። ያን የጻፍኩትን ነገር ወንድማቸው እንዳነበበው ሳይሆን እኔ እንደማውቀው እንድነግራቸው ፈለጉ።

ነገርኳቸው። እያንዳንዱ ሰው ከጋብቻ በፊት የነበረው ሀብት የግሉ ሆኖ ይቆያል። ከተጋቡ በኋላ የሚመጣው ግን የሁለቱም ነው፤ የግል ከሆነው ሀብት የሚገኘው ገቢም ጭምር። ስለዚህ ትራክተሩ የአቶ ጓንጉል ቢሆን፣ አርሶ የሚያስገባው የጋራ ይሆናል። በወንድም ስም ሆኖ ከቀረ ግን፣ ነገር የመጣ ቀን የእኛ ነው ለማለት ምስክር መቁጠርና ዓመታት ችሎት መመላለስ ያስፈልጋል። ስም ማስተካከል ያለበት ሰው ሳይጣላ ነው አልኩ። ኮንጎ አድርጌ የተናገርኩት የመጀመሪያው ጥሩ ንግግሬ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ምክንያቱም ሽማግሌዎቹ መሳቅ ትተው ነበር።

ወይዘሮ አንጓች በርጩማቸውን ወደ ወንድማቸው አዞሩ። ከዚያ ስለ ሟች ባላቸው ተናገሩ፤ ለእኔ ሳይሆን ለወንድማቸው። ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ግን ግማሽ ከብታቸው በዘመድ ስም፣ ማሳቸው በሌላ ሰው ስም ነበር። ሲሞቱ በስማቸው የነበረው ለልጆቹ ቀረ፤ በሰው ስም የነበረው ከሰው ጋር ቀረ። ማንንም አልከሰሱም፤ አቅሙም አልነበራቸውም።

«ይኼ ሰውዬ ሌባ ነው ብዬ አላስብም» አሉ። «ሰነፍ ነው ብዬ ግን አስባለሁ። ስንፍና ይታረማል። ስሙን አዙረው ይምጡ፤ ያለኝና ያለዎት በወረቀት ይጻፍ፤ የኔም ከብት የልጆቼ መሆኑ ይጻፍ። ያኔ አገባለሁ።»

አቶ ጓንጉል አሁንም እንደቆሙ ነበሩ። ፊታቸው ላይ እፍረትም ነበር፣ ሌላም ነገር ነበር። የራሳቸው ንብረት በሌላ ሰው ስም ሲያርስ እሳቸውንም ደስ ብሏቸው እንደማያውቅ ተናገሩና እሺ አሉ። ከሁሉም በላይ የተደሰቱት ግን አቶ ዋኘው ናቸው። ያ ዝምተኛ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ትራክተሩ የሰው ማሽላ በረገጠ ቁጥር፣ ወሰን ባለፈ ቁጥር፣ መጥሪያው የሚመጣው ለእሳቸው እንደሆነ፣ በሰው ትራክተር ችሎት መቆም እንደሰለቻቸው፣ ይህ ሽምግልና ከብዙ ዓመት በፊት መደረግ እንደነበረበት አስረዱ። አቶ ጥጋቡ እንኳ ሳቁ። ለእኔ ደግሞ እንዳልራብ ብለው የማሽላ ገንፎ አስመጡልኝ። በአንድ ጽሑፍ ካስቀየምኩት ሰው ቤት የበላሁት ገንፎ ጣዕሙ እስካሁን ከምላሴ አልሄደም።

ክረምቱ ወጣ። አቶ ጓንጉል አዲስ መታወቂያ አወጡ፤ ፎቶው ላይ እንደ ሙሽራ ፈገግ ብለዋል፤ ባለሙያው ኮስተር በሉ ቢላቸውም አልሆነላቸውም። የትራክተሩን ስም ለማዛወር ሁለቱ ወንድማማቾችና እኔ አብረን ሄድን። የቢሮው ሠራተኛ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ዛሬ ምን አስቸኮላችሁ ሲል፣ አቶ ጓንጉል ቆፍጠን ብለው ላገባ ነው አሉት። ሰሊጡ ታጨደ፣ ተራገፈ፣ ሥራ ፍለጋ ከደጋ የወረዱት ሳሉጎች ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ ሰርጉ ደረሰ።

ውሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የጋብቻ ውል በጽሑፍ ሆኖ ከባል ወገን ሁለት፣ ከሚስት ወገን ሁለት ምስክር ይፈርሙበታል፤ ቅጂው ፍርድ ቤትና የጋብቻ መዝገብ ክፍል ይቀመጣል። ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ ሁለቱ ሙሽሮች የየራሳቸው ተጨማሪ ሐሳብ ነበራቸው። ወይዘሮ አንጓች ትራክተሩ ጎህ ሳይቀድ በመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር እንዳይነሳ እንዲጻፍ ፈለጉ። አቶ ጓንጉል በበኩላቸው፣ ወተቷን የወደዱላት ቀይ ላም ሳያማክሯቸው እንዳትሸጥ እንዲጻፍ ፈለጉ። የሕግ ውል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አይገባም አልኳቸው። ወይዘሮ አንጓች ሕጉ ይከለክላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አሰብኩ። አይከለክልም። ጻፍኩት። ካነበብኳቸውም ከጻፍኳቸውም ውሎች ሁሉ ሰው ገብቶት የፈረመው እሱ ነው።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ምስክሮቹ አቶ ጥጋቡ ግቢ ተሰበሰቡ። ከሚስት ወገን አቶ ጥጋቡና አንዲት ዘመዳቸው ፈረሙ። ከባል ወገን አቶ ዋኘው ፈረሙ። የቀሩት ወይዘሮ እንጉዳይ ናቸው። አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው፣ ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ አየር ላይ አቆሙት።

«ልጄ፣ ይኼ ላላገባ ብቻ ነው ወይስ ላገባም ይሆናል?» አሉኝ።

ውሉ ለሚጋቡት መሆኑን፣ የተጋቡት ግን በትዳር ያፈሩት ሀብት ቀድሞውንም የሁለታቸው እንደሆነ ነገርኳቸው። ኮኪት ያለው ቤታቸው አብረው እየኖሩ የሠሩት እንደሆነ ነገሩኝ። እንግዲያው የሁለታችሁ ነው አልኩ። ወረቀቱ ላይ ግን ያለው የእሱ ስም ብቻ ነው አሉ። እሱ ይስተካከላል፣ አብራችሁ ገንዳ ውሃ ሄዳችሁ ማመልከት ነው አልኩ። ወይዘሮ እንጉዳይ አውራ ጣታቸውን አሳርፈው፣ ጣታቸውን እየጠረጉ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ሰምተሃል ዋኘው? ገንዳ ውሃ መቼ እንሄዳለን?»

አቶ ዋኘው ሙሽሮቹ እንዳይረፍድባቸው ብለው ወደ ትራክተሩ ተጣደፉ። ተሳቢው በቄጠማና በጨርቅ አጊጧል፤ ጨርቁ የሐጂ ኢድሪስ ስጦታ ነው። ሙሽሮቹ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ እልል እያሉ ነው። አቶ ዋኘው ቁልፉን አዞሩ። ትራክተሩ አልነሳም። ደግመው አዞሩ። ጉርር ብሎ ተወ። ባትሪው ደክሟል ተባለ፤ ቁልቁለቱ ድረስ መገፋት አለበት።

አጃቢው ሁሉ ወረደ። አቶ ጥጋቡ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተጠጉ፤ እኔም ክራቫቴን ፈትቼ ተሰለፍኩ። ዘፈኑ ወደ ግፊያ ተለወጠ። አቶ ዋኘው መሪውን ለአንድ ዘመዳቸው ሰጥተው ከፊት ጎማው አጠገብ ሆነው ይገፋሉ። ወይዘሮ እንጉዳይ ከሴቶቹ መሃል ወጥተው፣ የሐበሻ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከባላቸው ጎን ትከሻቸውን አስደግፈው መግፋት ጀመሩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግፊያው መሃል፣ ቀና ብለው አዩዋቸው።

ትራክተሩ ቁልቁለቱን ያዘ፤ ሳለ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። ሰው ሁሉ ጮኸ። አቶ ዋኘው ግንባራቸውን በእጃቸው ጠረጉና፣ ድምፁ እስኪበርድ ሳይጠብቁ፣ ወደ ባለቤታቸው ጆሮ ጠጋ ብለው አንድ ቃል ተናገሩ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁት።

«ሰኞ» ነበር ያሉት።